በፍሬ ደብተር ላይ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ደብዳቤ እንኳ አልጻፍኩም፤ የምጽፍለት ሰው ሩቅ አገር የለኝም። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ እሱም ቢሆን እንደ ሌላው ልጅ ዩኒፎርም ለብሼ፣ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ደወል ሲደወል ሮጬ አይደለም። ስለዚህ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ አትፍረዱብኝ። እጄ ግን ለብዕር አዲስ አይደለም። ልጅ እያለሁ ብዙ ደብተር ሞልቻለሁ። ከእነዚያ ብዙዎቹ ላይ የተጻፈው ስም ግን የኔ አልነበረም።

የምሠራው ፒያሳ፣ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ነው። ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ ሰው ሲበዛ ልክ እወስዳለሁ። ነሐሴ ከገባ ጠረጴዛችን ላይ ከዩኒፎርም በቀር ሌላ ነገር አይታይም። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጇን ይዛ መጣች። ሜትሩን ትከሻዋ ላይ ዘርግቼ «ስምሽ ማነው?» አልኳት። ልጅቷ ጫማዋን አየች።

«አትናገርም፣ አትድከሚ» አለች እናትየዋ። «ቤት ውስጥ ለጉድ ናት። ሰው ፊት ግን ይኸው እንደምታያት ናት። አምና ከትምህርት ቤት መልሰውብኛል፤ ዘንድሮም እስቲ ልሞክር ብዬ ነው።»

የእጅጌዋን ልክ ጻፍኩ። ቀና ስል ልጅቷ ግድግዳው ላይ ባለው መስታወት ውስጥ ታየኛለች። ፊት ለፊቷ ቆሜ ያላየችኝ ልጅ፣ በመስታወት ውስጥ ዓይኗን ሳትነቅል ታየኛለች። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ቤት እንደገባሁ ከአልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን ስቤ ደብተሩን አወጣሁት።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ሠራተኛ ሰፈር ነበር። ግቢያችን ውስጥ እንደኔ የሚለፈልፍ ልጅ አልነበረም ይላሉ። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት «ረገጥሽ! መስመር ረገጥሽ!» የሚለው ድምፅ የኔ ነበር። የትምህርት ቤቱን በር ሳልፍ ግን ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ይዘጋል። ቧንቧ ሲደፈን እንደሚሆነው ነው፤ ውሃው ውስጥ አለ፣ አይወጣም። አንደኛ ክፍል አስተማሪያችን ስም ስትጠራ «አቤት» ማለት አቃተኝ። ሦስቴ ጠራችኝ። ልጆቹ «ይቻት፣ ይቻት!» እያሉ በጣታቸው ጠቆሙኝ። እሷ «በአፏ ትናገር» አለችና መዝገቡ ላይ ጻፈች። ሁለተኛው ዴስክ ላይ፣ ደብተሬን ከፍቼ፣ እርሳሴን ቀርጬ ተቀምጬ እያለሁ ቀሪ ተባልኩ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው።

ሚያዝያ ላይ እናቴ ተጠራች። «ልጅሽ መናገር አትችልም፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች ወደሚማሩበት ውሰጃት» አሏት። ወሰደችኝ። እዚያ የተቀበሉን ሰውዬ ከኋላዬ መጥተው በድንገት አጨበጨቡ። ዞር አልኩ። ሰውዬው እያዘኑ ፈገግ አሉና «ትሰማለች እኮ እህቴ። የኛ ተማሪ ልትሆን አትችልም» አሏት። ከዚህም ከዚያም ሳልሆን አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ቁጭ አልኩ። ጠዋት ጠዋት የሰፈር ልጆች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ሲወጡ በበሩ ስንጥቅ አያቸዋለሁ። በትምህርት ሰዓት ሱቅ ስላክ ሰው ሁሉ «ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» ይለኛል። እናንተም ይህንን ጥያቄ እንደ ቀልድ ጠይቃችሁ ታውቁ ይሆናል። እኔ እስከ ዛሬ ልጅን እንደዚያ ብዬ አልጠይቅም።

እትዬ አስካለን ያገኘችልን የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ናት። እትዬ አስካለ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ወንድማቸው ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ፀጉር ቤት ነበረው። እሱ ሲሞት ቤቱን አልዘጉትም፤ አግዳሚ ወንበሮች አስገቡና ትምህርት ቤት መሄድ ያልቻሉ ልጆችን ማስተማር ጀመሩ። ከበሩ በላይ «የወንዶች ፀጉር ማስተካከያ» የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ነበር። ውስጡም ያው ፀጉር ቤት ነው። ፊት ለፊታችን ያለውን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ይዞታል። ጥቁር ሰሌዳው የተቀመጠው ድሮ መላጫና ማበጠሪያ ይደረደርበት በነበረው መደርደሪያ ላይ፣ መስታወቱን ተደግፎ ነው። ስለዚህ እትዬ አስካለ ጀርባቸውን ሰጥተውን ሲጽፉ እንኳ ሁላችንንም ያዩናል።

መሃል ቤት ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ አንድ የፀጉር ቤት ወንበር ነበር። ሊነቅሉት ሞክረው እምቢ ብሏቸዋል። ቆዳው ተሰነጣጥቋል፤ እጀታውን ሲስቡት ወደ ኋላ ይንጋለላል። እንጨቱ ውስጥ የገባው የአልኮልና የፓውደር ሽታ ስንት ጊዜ ቢታጠብ አልለቀቀም። ጠዋት በሩ ሲከፈት ያ ሽታ ከጎረቤት ኬክ ቤት ከሚመጣው የትኩስ ዳቦና የስኳር ሽታ ጋር ይቀላቀላል። ዛሬም በፀጉር ቤት ደጃፍ ሳልፍ የማባዣ ሠንጠረዥ ትዝ ይለኛል።

ዘጠኝ ነበርን። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች፤ ሽንኩርት ገዝታ ስትመለስ ዘንቢሏን በሩ ሥር አስቀምጣ ትገባለች፤ አንዳንድ ቀን የምትማረው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። የሚጥል በሽታ ስላለበት የሌሎች ልጆች ወላጆች ተሰብስበው ከክፍል ያስወጡት ልጅ ነበር። እትዬ አስካለ አዲስ ልጅ ሲመጣ ለምን ትምህርት እንዳቋረጠ አይጠይቁም። የሚጠይቁት «የት ደርሰሃል?» «የት ደርሰሻል?» ብቻ ነው። ፊደል ላይ ከሆነ ከፊደል፣ ክፍልፋይ ላይ ከሆነ ከክፍልፋይ ይቀጥላሉ።

ሌላ ቦታ አይቼው የማላውቀው አንድ ሥርዓትም ነበራቸው። በመዝገባቸው ውስጥ «ቀሪ» የሚባል ቃል የለም። ስም ሲጠራ ያልመጣ ልጅ ካለ ከጎኑ የሚቀመጠው ይነሳና «አለ፤ እናቱን ያስታምማል» ወይም «አለች፤ እመቤቷ እንግዳ አለባት» ይላል። ከዚያ፣ ድሮ መቀስ ይቀመጥበት ከነበረው መሳቢያ የጓደኛውን ደብተር ያወጣና የዕለቱን ትምህርት ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ላልመጣው። ማናችንም ስንመለስ ባዶ ገጽ አይጠብቀንም። መልመጃው ግን አይነካም። ለመልመጃ የሚሆነው ቦታ በማስመሪያ እንደ ሳጥን ተከቦ ባዶውን ይተዋል። «ትምህርቱ የሁላችንም ነው» ይሉ ነበር እትዬ አስካለ። «መልመጃው ግን የባለቤቱ ነው። እሱን ማንም እንዳይነካብኝ።»

ከጎኔ የምትቀመጠው ፍሬሕይወት ነበረች። ፍሬ ልቧን ያማታል። ድሮ የምትማርበት ትምህርት ቤት ክፍሏ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ደረጃውን ወጥታ ስትጨርስ ከንፈሯ ወይን ጠጅ ይሆናል። ብዙ ቀን ስለጎደለች በሚቀጥለው ዓመት አልመዘግባትም አሉ። እትዬ አስካለ ጋ ስትመጣ ያ የፀጉር ቤት ወንበር የሷ ሆነ፤ ሲደክማት ያንጋልሉላታል። እዚያ ላይ ሆና እንደ ንግሥት ሁላችንንም ታዝዘናለች። በእረፍት ሰዓት ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምረን ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት፣ መዝለል ስለማትችል ዳኛችን እሷ ናት። አፏ ግን የለየለት አራዳ ነው፤ ማንንም አይምርም። ከበሩ በላይ ያለውን ጽሑፍ አይቶ ሊቆረጥ የሚገባ ሰው አይጠፋም ነበር። ፍሬ ከወንበሯ ሳትነሳ «ይግቡ ጋሼ፣ ይግቡ! የሰባትን ብዜት እንጨርስና እንላጭዎታለን» ትላለች። ሰውየው ግራ ገብቶት ሲወጣ እትዬ አስካለ ሳቃቸውን ወደ ሰሌዳው ያዞሩታል።

በገባሁ በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ለእረፍት ሁሉም ወጥተው እኔና እሷ ብቻ ቀረን። ወደኔ አልዞረችም። ወደ መስታወቱ እያየች «አንቺ፣ እዚያ ውስጥ ያለሽው ልጅ፣ ስምሽ ማነው?» አለች። ቀና አልኩ። መስታወቱ ውስጥ አንዲት ጠይም፣ ሹራብ የጠበባት ልጅ ተቀምጣለች። እኔ አልመሰለችኝም። እሷን ማንም ቀሪ ብሏት አያውቅም። ያቺ ልጅ ከንፈሯን አላቀቀችና «ትዕግሥት» አለች። ድምፁ በየት በኩል እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ፍሬ አልጮኸችም፤ ለማንም አልተናገረችም። «ጥሩ ጣቢያ ይዣለሁ ማለት ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ራዲዮ ሆነ። ሌሎቹ የሚስቁት የማትናገረውን ልጅ ራዲዮ ስላለቻት ነበር፤ እኔና እሷ የምንስቅበትን ግን እኛ ብቻ ነን የምናውቀው። ውልም ገባን። «አንቺ ትጽፊልኛለሽ፣ እኔ አወራልሻለሁ» አለችኝ። እትዬ አስካለ ሲጠይቁኝ መልሱን ወረቀት ጥግ ላይ እጽፋለሁ፤ ፍሬ «ራዲዮ አርባ ሁለት ነው እያለች ነው» ብላ ታነብልኛለች። ስሜ ሲጠራ ደብተሬን ከፍ አደርጋለሁ፤ ፍሬ ያልመጣች ቀን ደግሞ ስሟ ሲጠራ ተነስቼ የሷን ደብተር ከፍ አደርጋለሁ። እትዬ አስካለ በመስታወቱ ውስጥ አይተውኝ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አለች ማለት ነው።

ከትምህርት በኋላ ደብተሩን ይዤ ውቤ በረሃ፣ ቤቷ እሄዳለሁ። በረንዳው የዘመመ የድሮ ፎቅ ሥር እናትና ልጅ የሚኖሩባት አንዲት ክፍል ነበረች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የዋልንበትን ሁሉ እነግራታለሁ፤ ማን መጣ፣ ማን ተቆጣ፣ ክፍልፋይ እንዴት ይባዛል፣ ደም በልብ ውስጥ በየት ገብቶ በየት ይወጣል። ይህንን የመጨረሻውን ሁለቴ አስደግማኛለች። ከዚያ ደረቷን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ «የኔ አንደኛዋ በር ናት የላላችው» አለች፤ የቁም ሣጥን በር የምትል ነበር የሚመስለው። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳላቋርጥ አወራለሁ። እናቷ የውሃ ጀሪካን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ትሰማኛለች፤ እንዳላፍር ብላ አትገባም። ልሄድ ስነሳ ፍሬ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነው፤ «ነገም ባዶ እንዳትተዪልኝ።»

እንዲህ እንዲህ እያልን ስምንተኛ ክፍል ደረስን። በዓመቱ መጨረሻ ሚኒስትሪ እንፈተናለን። ፍሬ ያንን ፈተና ከምንም በላይ ትፈልገው ነበር። «እኔን ያባረረኝ ደረጃው ነው፣ ጭንቅላቴ አይደለም» ትላለች። «የእነሱው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ የእነሱኑ ፈተና ሠርቼ ነው የማሳያቸው።» በኔም ላይ ትዝታለች፤ «በሦስት ነጥብ እበልጥሻለሁ። ከሦስት ካለፈ ስለምታለቅሺ ሦስት ይበቃል።»

ጥር ላይ ግን ሆስፒታል ገባች። ሦስት ሳምንት ተኛች። ከዚያ ውስጥ አንዱን ሳምንት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስለነበረች ከእናቷ በቀር ሰው አይገባም። እኔ ትምህርቱን ጻፍኩ፤ የመልመጃውን ቦታ በማስመሪያ ከብቤ ተውኩ። ባዶው ሳጥን በየገጹ እየበዛ ሄደ። ደብተሩን በገለጥኩ ቁጥር ከጽሑፉ ይልቅ እሱ ነው የሚታየኝ። የፀጉር ቤቱ ወንበር ባዶ ነው፣ ሳጥኑ ባዶ ነው። እሷ ደግሞ ባዶ እንዳትተዪልኝ ብላኛለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱን ሳጥን ሞላሁት። ፍሬ ሰባት ቁጥርን ወገቡ ላይ ታሰምርበታለች፤ አሰመርኩበት። ፊደሎቿ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፤ አዘንብዬ ጻፍኩ። የመቀነስ ምልክት መርሳት ልማዷ ነው፤ አውቄ ረሳሁላት። ከዚያ ሁለተኛውን ሞላሁ፤ ከዚያ ሁሉንም። እትዬ አስካለ ደብተሩን ሆስፒታል እየወሰድኩ የማሠራት መስሏቸው አረሙት። ከጎኑ ቀይ ራይት ሳይ ደስ አለኝ፤ እሷ የተሻላት መሰለኝ።

የካቲት ላይ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የቀረባትን ትምህርት ሁሉ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት፤ አንድም ሳላስቀር። መልመጃውን እንደሞላሁላት ግን አልነገርኳትም።

እኛ የምንፈተነው በአካባቢው ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስም ተመዝግበን ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ መዝገቡንና ደብተሮቻችንን አይቶ ይፈርማል። እሱ ካልፈረመ ፈተና የለም። መጋቢት ላይ፣ ዝናብ እያካፋ መጣ። ረጅም ካፖርት የለበሰ፣ ዣንጥላውን የት እንደሚያኖር የጨነቀው ሰው ነበር። ፍሬ ያን ቀን አልመጣችም፤ እናቷ ብርዱን ፈርታ አስቀርታታለች። ሰውየው መደገፊያ ያለው ወንበር ሲፈልግ የፍሬን ወንበር አየና ተቀመጠበት። ወንበሩ ወዲያው ወደ ኋላ ተንጋለለ፤ እግሩ ወደ ላይ ተነሳ። ማንም አልሳቀም። ሁላችንም ከንፈራችንን ነክሰን መስታወቱን አየን። እሷ ብትኖር ምን ትል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

ደብተሮቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። ከዚያ የፍሬን ደብተር ከፍቶ አጠገቡ የሆስፒታሉን ወረቀት አስቀመጠ። እትዬ አስካለ ያንን ወረቀት የያዙት ለምን እንዳልመጣች ለማስረዳት ነበር።

«ይህች ልጅ በዚህ ሳምንት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነበረች ይላል» አለ። «መልመጃው ግን በዚያው ሳምንት ቀን ቀኑ ተጽፎበት ተሠርቷል። እርስዎም አርመውታል።»

እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው ገጾቹን ቀስ ብለው ገለጡ። ሁለተኛው ላይ ቆሙ። ቀና ብለው በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ። ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ማንንም መበደል አልፈልግም፣ እናቴ» አለ ሰውየው፤ ድምፁም ክፉ አልነበረም። «ግን ያልተማረችን ልጅ ተምራለች ብዬ ልፈርም? እንደዚህ ከሆነ የሌሎቹንስ ደብተር እንዴት ልመን?» ከዚያ የሚመዘገቡትን ስም ዝርዝር አወጣና ብዕሩን ከፈተ። «ፍሬሕይወት» ብሎ አነበበ። ዙሪያውን አየ። «ቀሪ» አለ።

የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ሊነካ ነው። የሚያወራልኝ ሰው የለም። የምታወራልኝ እሷ ናት፣ የሚሰረዘውም የሷው ስም ነው። ቀና አልኩ። መስታወቱ ውስጥ ያቺ ጠይም ልጅ ቆማለች፤ መቼ እንደተነሳች አላየሁም። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«አለች» አለች።

ሰውየው ዞረ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም፤ ከደመና ውስጥ የምጮህ ይመስለኝ ነበር። መልመጃውን የሠራሁት እኔ ነኝ አልኩ። እትዬ አስካለ አያውቁም፣ እሷም አታውቅም አልኩ። «ትምህርቱን ግን ታውቀዋለች። ሁሉንም ነግሬያታለሁ። ሄደው ይጠይቋት። የሚሰረዝ ሰው ካለ እኔን ይሰርዙኝ።»

«አንቺ ማነሽ?»

«ትዕግሥት።»

ሰውየው መዝገቡን አገላብጦ ግራ በመጋባት እትዬ አስካለን አየ። «ይቺ አይደለች እንዴ የማትናገረው ያሉኝ?»

«ዛሬ ጀመረች» አለች ዘንቢል የያዘችው ልጅ ከበሩ። ያኔ የታፈነው ሳቅ ሁሉ ባንድ ጊዜ ፈነዳ። እትዬ አስካለም ሳቁ፤ ሲስቁ ግን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ሰውየው ብዕሩን ከደነና ዣንጥላውን አነሳ። «ቤቷ ሩቅ ነው?» አለ።

ሰውየው፣ እትዬ አስካለና እኔ ባንድ ዣንጥላ ወረድን። እኔ መሃል ነበርኩ። ፍሬ ጋቢ ተከናንባ አልጋዋ ላይ ተደግፋለች። ሰውየው ወንበር ስቦ ጠየቃት፤ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ። ፍሬ መለሰች። እኔ ያስረዳኋትን በራሷ አነጋገር ገልብጣ፣ የራሷን ቀልድ ጨምራበት ነው የምትመልሰው። የልብን ነገር ሲጠይቃት «ይሄንንስ ከርስዎ በላይ አውቀዋለሁ» አለችው። በመጨረሻ አንድ የአልጀብራ ጥያቄ ወረቀት ላይ አሠራት። ትክክል ሠርታ ሠርታ መጨረሻው ላይ የመቀነስ ምልክቱን ረሳች። ሰውየው ከካፖርቱ ውስጥ ደብተሯን አወጣና ያንኑ ዓይነት ጥያቄ፣ ያንኑ ዓይነት ስህተት አሳያት። ወገቡ ላይ የተሰመረበትን ሰባት አየች። የኔን ፊት አየች። ሁሉም ነገር ገባት።

«አንቺ ራዲዮ!» አለች። «ስህተቴንም ሳታስቀሪ?»

ሰውየው ሊቆጣ ጀምሮ ሳቀ። አልሰረዛትም። አንድ ነገር ግን አዘዘ፤ የሞላሁላትን መልመጃ ሁሉ እሷ ራሷ በአዲስ ደብተር ላይ ደግማ ትሠራለች፣ በሳምንቱ ተመልሶ ያየዋል። ሠራችው። ተመልሶ አይቶ ፈረመ። አሮጌው ደብተር እኔ ጋ ቀረ።

ያን ቀን ስንመለስ እትዬ አስካለ እስከ ጊዮርጊስ ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ። እግዜር ይይላት ብለው የሚያልፉኝ መስሎኝ ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ቁልፉን እያወጡ «መልመጃው የባለቤቱ ነው ብዬሻለሁ» አሉ። «ከነገ ጀምሮ ደግሞ ስምሽ ሲጠራ ደብተር ማንሳት የለም።»

ሰኔ ላይ ተፈተንን። ለፍሬ ምድር ቤት ያለ ክፍል ሰጧት፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰኝ። ያንን ደረጃ ስወጣ በየመታጠፊያው ቆም እያልኩ እሷ የምትቆምበትን ቦታ ገመትኩ። የማላውቀው አስተማሪ ስሜን ጠራ። «አቤት» አልኩ። ማንም ዞሮ አላየኝም። እዚያ ላሉት ሁሉ ተራ ነገር ነበር።

ሐምሌ ላይ ስትጠብቀው የነበረው የልብ ቀዶ ሕክምና ተራ ደረሳትና ሆስፒታል ገባች። ውጤቱ የተለጠፈው ነሐሴ ውስጥ ነው። የሁለታችንንም ስም ፈልጌ አገኘሁ። በሦስት ነጥብ በልጣኛለች። ሮጬ ልነግራት ዞርኩና ወዴት እንደምሮጥ ጠፋኝ። ከተቀበረች አሥራ ሁለት ቀኗ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ሁለት ሳምንት ተማርኩ። አፌ አልተዘጋብኝም፤ ስሜ ሲጠራ አቤት እላለሁ። ግን ያልመጣ ልጅ ስም ሲጠራ ማንም አይነሳም። አስተማሪው «ቀሪ» ይልና ወደሚቀጥለው ያልፋል። እግሬ ቀስ በቀስ እምቢ አለኝ። እናቴ አለቀሰች፤ ከዚያ የሥራ ጓደኛዋ ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ አስገባችኝ። ይኸው እዚያው ነኝ።

አሁን ያ ፀጉር ቤት የለም። ቦታው ላይ ሰፊ መንገድ አልፏል፤ ማታ ማታ መብራቱ ያምራል፣ ሰው ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸርበታል። እትዬ አስካለ አርጅተው ከእህታቸው ልጅ ጋር ሩቅ ኮንዶሚኒየም ነው ያሉት። ስጠይቃቸው ስሜን ይረሱና «የት ደርሰሻል?» ይሉኛል። የድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር አልልም። እንደኔ ያለውን ልጅ የሚያክሙ ባለሙያዎች ዛሬ አሉ ሲባል እሰማለሁ፤ ደስ ይለኛል። ብቻ መንገዱን ስሻገር መሃል ላይ አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ስደርስ የአልኮልና የፓውደር ሽታ ይሸተኛል። ሌላው ሰው ይሽተተው አይሽተተው አላውቅም።

ቅዳሜ ያቺ ልጅ ዩኒፎርሟን ልትለካ ተመልሳ መጣች። መስታወቱ ፊት አቆምኳትና ከኋላዋ ተንበርክኬ ጠርዙን ያዝኩ። ወደሷ አልዞርኩም። ወደ መስታወቱ እያየሁ «አንቺ፣ እዚያ ውስጥ ያለሽው ልጅ፣ ስምሽ ማነው?» አልኩ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም። አልደገምኩትም። ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል። እናትየዋን ግን፣ እኔ ሰው ማናገር የማልወደው፣ በር ድረስ ተከትያት ወጥቼ ብዙ አወራኋት።

የፍሬ ደብተር ከመሃሉ በኋላ ባዶ ነበር። ይህንን የምጽፈው እሱ ላይ ነው። መስመሩ ወይቧል፣ ወረቀቱ ቀለም ትንሽ ይጠጣል፣ ግን ይጻፍበታል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደርሻለሁ፤ ከኋላው የማባዣው ሠንጠረዥ ብቻ ነው ያለው።

ሐምሌ ላይ፣ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት ታክሲ ቤታቸው ደጃፍ ቆሞ ነበር። ያካፋል። እናቷ ብርድ ልብሱን እያስገባች ነው። ፍሬ ከኋላ ወንበር ተደግፋ ተቀምጣ መስኮቱን እስከ ግማሽ አወረደችና በእጇ ጠራችኝ። ጎንበስ አልኩ። ትምህርት ተዘግቷል፣ ፈተናው አልፏል፤ የሚጻፍ ምንም ነገር አልነበረም። እሷ ግን እንደ ልማዷ ነው ያለችኝ።

«ራዲዮ፣ እስክመጣ ባዶ እንዳትተዪልኝ።»